ዝም ሲባል የሚነሣው መስመር

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። በስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ውስጥ፣ ማንም ሰው ሳይናገር የአንድ ካሜራ የድምፅ መለኪያ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አብረውኝ ያዩ ሰዎችም ነበሩ።

ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ዝርዝሩን ነው፣ ያውም የዚያን ሰሞን ማስታወሻ ደብተሬን ከፊቴ ዘርግቼ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ቀድሜ የምስቀው እኔው ነበርኩ። ዛፍ ደም አለቀሰ ተብዬ ሄጄ ሙጫ አይቼ የተመለስኩ፣ መቃብር ያበራል ተብዬ ሄጄ የተጣለ ቆርቆሮ ያገኘሁ ሰው ነኝ። በዘጋቢነት ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ ያላየሁትን አየሁ፣ ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አላውቅም፣ አሁንም አልልም። ያየሁትን እነግራችኋለሁ፣ ያላየሁትንም አላየሁም እላችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

የሄድንበት ጉዳይ ሌላ ነበር። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በየዓመቱ ብዙ ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል፣ አብዛኛው ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ግን አይመለስም። መሞቱም አይሰማ፣ መኖሩም አይሰማ፣ እንዲያው ይቀራል። የእነዚህ የቀሩ ሰዎች ቤት እንዴት እንደሚኖር አጭር ዘጋቢ ፊልም እንድሠራ ታዘዝኩና ከካሜራ ባለሙያው ከዳኛቸው ጋር ወጣን።

ዳኛቸው ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ መሣሪያ የሚወድ፣ ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር የሚግባባ ልጅ ነበር። የያዘው ካሜራ በዚያን ጊዜ ለእኛ አዲስ ነገር የነበረው፣ የፎቶ ካሜራ ሆኖ ቪዲዮ የሚቀርፀው ዓይነት ነው። የሰውን ፊት አውጥቶ ጀርባውን ስለሚያደበዝዘው ሥራችን ሁሉ ሲኒማ መምሰል ጀምሮ ነበር። ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛው፣ በሰከንድ የሚያነሣው የምስል ብዛት ከቴሌቪዥናችን ጋር አይገጥምም፣ እንቅስቃሴው እየተንገጫገጨ ይወጣል። ሁለተኛው የባሰው ነው፣ ድምፁን ራሱ እንደፈለገ ይጨምራል ይቀንሳል፤ ሰው ሲናገር ዝቅ ያደርገዋል፣ ሰው ዝም ሲል ደግሞ የሚሰማ ነገር ፍለጋ ከፍ እያደረገ ሹሹታውን ሁሉ ይጎትተዋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ፣ ሰዎች ብዙ ዝም በሚሉበት ሥራ፣ ይሄ መከራ ነው።

አምራቹ በቅርቡ ይህንኑ የሚያርም አዲስ ፈርምዌር አውጥቶ ነበር፤ ፈርምዌር ማለት በካሜራው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ካሜራውን የሚያዝዘው ፕሮግራም ነው። ዳኛቸው ባሕር ዳር ኢንተርኔት ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጦ አውርዶት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ፣ ምሳ በበላንበት ሆቴል በረንዳ፣ ሊጭነው ተነሣ። ሙሉ ባትሪ ከተተ፣ ካርዱን አስገባ፣ ቁልፉን ተጫነና እጁን አነሣ።

«ጋሼ፣ አሁን ማንም እንዳይነካው። እንዳያስነጥሱም።»

«ማስነጠሴ ምን ያደርገዋል?»

«እሱን ምንም አያደርገው። እኔን ነው።»

«መሃል ላይ ቢቋረጥስ?»

«ድንጋይ ይሆናል። ለወፍጮ እንኳ የማይበቃ ድንጋይ።»

አልተቋረጠም። ካሜራው ጠፍቶ በራ፣ ዳኛቸው ሜኑውን ከፍቶ አዲሱን ገጽ አሳየኝ። ሁለት አግድም መስመሮች አሉ፣ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ፤ ድምፅ ሲኖር ከዜሮ ተነሥተው ወደ ቀኝ ይረዝማሉ፣ ሲጠፋ ይመለሳሉ። አሁን ልኩን የምንወስነው እኛ ነን። እሱ «አ» አለ፣ መስመሮቹ ተነሡ። ዝም አለ፣ ዜሮ ገቡ።

«አዩት? ዝም ሲባል ዝም ይላል» አለኝ፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ። መስመሮቹ የሚታዩት በዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ቀረፃ ሲጀመር ይጠፋሉ። ካሜራው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም የለውም። ስለዚህ ድምፅ እየገባ መሆኑን በዓይንህ አይተህ ነው የምትጀምረው፣ በጆሮህ አይደለም።

ያን ሌሊት ወገዳ አደርን። ዳኛቸው የንጋት ብርሃን ካላገኘሁ አለ፣ ስለዚህ የቀበሌው ሠራተኛ አቶ ሙጬ መንገድ እየመራን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተኩል ተነሣን። ብርድ ነበር። አቶ ሙጬ ለሦስታችንም ጋቢ ከዘመድ አሰባስቦልን ነበርና ተከናንበን፣ በተርታ፣ ከብርዱ የተነሣ አንድም ቃል ሳንነጋገር ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከግቢው በር ደረስን።

ስህተታችን እዚህ ላይ ነው፣ የእኔም የአቶ ሙጬም። በዚያ አገር መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው፤ ሰዎች ተሰብስበው፣ ጋቢ ለብሰው፣ ዝም ብለው፣ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይርቅ ይደርሱበታል። ይህን የማያውቅ የለም፣ እኔም ዐውቃለሁ። ያም ሆኖ ልጇ መተማ ወርዶ ከጠፋባት ዘጠኝ ዓመት ወደ ሆናት እናት ግቢ፣ ሦስት ወንዶች፣ ጋቢ ለብሰን፣ በንጋት፣ ዝም ብለን ገባን።

ወይዘሮ ጥጊቱ፣ የሞገስ እናት፣ ከብት ልታስወጣ በረት ስትከፍት ነበር። ቀና ብላ አየችን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ የቆጠረችን ይመስለኛል። ከዚያ መቃ የመሰለ አካሏ እንዳለ መሬት ላይ ወደቀ።

«ወየው ልጄን! ወየው ሞገሴን!»

ደረቷን ስትመታ ጎረቤት ከየአቅጣጫው ነጠላውን እየጎተተ ደረሰ። አቶ ሙጬ ጋቢውን አውልቆ ጣለና መሃል ቆሞ ይጮኻል።

«ኧረ እናቴ መርዶ አይደለም! ጋዜጠኞች ናቸው! ለቴሌቪዥን ነው!»

«አንት ሙጬ፣ ለቴሌቪዥን ሰው በንጋት ይመጣል?» አለች አንዲት ጎረቤት። «ቴሌቪዥንህ ቁርስ አያውቅም?»

«ብርሃኑ ነው፤ ብርሃኑ ጥሩ የሚሆነው አሁን ነው ብለውኝ…»

«ብርሃን ያሳጣህ!»

አረጋጓትና ወደ ቤት አስገቧት። የሞገስ ሚስት ይታይሽ በዚህ ሁሉ መሃል የውኃ ጀሪካን በእጇ እንደያዘች ከጓሮው ማዕዘን ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልቀረበችም። ሰው ሲበተን ጀሪካኑን አስቀመጠችና ወደ እኔ መጣች። ሠላሳ ሦስት ሠላሳ አራት ዓመት ይሆናታል፣ ፊቷ ላይ ምንም ነገር የለም፤ ተቆጥታም፣ ደንግጣም፣ አዝናም አይደለችም።

«መርዶ ነው ብትሉ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ።

እሷው ቀጠለች፣ የሰው ጉዳይ እንደምትተርክ። ሽማግሌዎቹ ለሐሙስ ልቅሶ ቆርጠዋል፣ የሞገስን ልብስ ዘርግተው ሊያለቅሱለት ነው። አማቷ ግን ሞቱን ያየ እማኝ ሳይኖር ልጄ አይለቀስለትም ብላ እምቢ ብላለች። ሽማግሌዎቹም አለ የሚል እማኝ ከመጣ ልቅሶውን እናነሣዋለን፣ ይቀራል ብለዋታል።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔማ ጥቁር አልለብስ ነገር አልሞተ፣ ጥልፍ አልለብስ ነገር የለ። ሐሙስን ነው የምጠብቀው፣ ጋሼ። ሐሙስ ከቀረ ሌላ ሐሙስ የለኝም።»

እንግዲህ የግቢው ነገር ይህ ነበር፤ አንደኛዋ ሐሙስ እንዳይመጣ፣ አንደኛዋ ሐሙስ እንዲመጣ።

ይታይሽን ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ዱካ በሚሉት በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። ዳኛቸው ካሜራውን ስታንድ ላይ ተክሎ፣ ማይኩን ከፊቷ ክንድ ያህል አርቆ አቆመና የድምፁን ገጽ ከፈተ። አቶ ሙጬ ከኋላው ቆሞ ያያል፣ እኔ ደብተሬን ይዤ ከጎን ነኝ። ሰዓቴን አይቼ ጻፍኩ፤ 1:20።

«እህቴ፣ ስምሽን ንገሪኝ፣ ድምፅሽን ልለካ» አላት ዳኛቸው።

«ይታይሽ።»

«ጎሽ። ጋሼ፣ የሆነ ነገር ይጠይቋት።»

«ባለቤትሽ ማን ይባላል?»

«ሞገስ።»

ዝም አለች። ዳኛቸው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ «ጥሩ ነው፣ ቀጥይ… ጥሩ ነው፣ ቀጥይ» ይላል።

«ምን ልቀጥል? ጨረስኩ እኮ።»

«ይኸው እየተናገርሽ ነው እንጂ።»

ቀና ብሎ አያት። እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። የይታይሽ አፍ ተዘግቷል፣ እጇ ጭኗ ላይ ነው፣ ሁለቱ መስመሮች ግን ይነሣሉ ይወርዳሉ። ነፋስ ሲገባ እንደሚሆነው አንድ ጊዜ ተወርውረው የሚወድቁ አይደለም፤ ትንሽ ይሄዳሉ፣ ያርፋሉ፣ ረዘም አድርገው ይሄዳሉ፣ ያርፋሉ። ከዚያ ዜሮ ገቡና ቆዩ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«በስመ አብ» አለ አቶ ሙጬ።

«ዝም በሉ» አልኩ፣ ሁላችንም ዝም አልን። መስመሮቹ እንደገና ተነሡ።

አሁን የምነግራችሁን የሠራሁት ፈርቼ አይደለም፣ ልማድ ስለሆነ ነው፤ አንድ ነገር ከመጻፌ በፊት ሌላ ነገር አለመሆኑን አጣራለሁ። ማይኩን በጋቢ ጠቀለልነው፣ መስመሮቹ ተነሡ። የእጅ ስልኮቻችንን ባትሪያቸውን አውልቀን ከረጢት ውስጥ ከተትን፣ ተነሡ። ማይኩን ነቀልነው፣ ካሜራው በራሱ ትንሽ ማይክ መስማት ጀመረ፣ ተነሡ። ባትሪ ለወጥን፣ ያው ነው። ዳኛቸው ካሜራውን ተሸክሞ ከግቢው ወጥቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ፣ እኔም አብሬው ሄድኩ፤ እዚያ እኛ ስንናገር ይነሣል፣ ስንተው ዜሮ ይገባል፣ ልክ እንደ ንፋስ መውጫው። ወደ ግቢው ተመለስን፣ ማይኩን መልሰን ሰክተን ዱካው ፊት ተከልነው፣ ተነሣ። በመካከሉ ሁለት ጊዜ አጫጭር ቀረፃ አድርገን መልሰን ሰማነው። የዶሮ ድምፅ አለ፣ የጎረቤት መጥረቢያ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

«አፕዴቱ ነው» አለ ዳኛቸው። «ያልታረመ ነገር ይኖረዋል።» እኔም ደብተሬ ላይ ይህንኑ ጻፍኩ፤ የፕሮግራም ስህተት ሊሆን ይችላል። እመኑኝ፣ ዛሬም ቢሆን የምመርጠው ይህንን ነው። ያላስደሰተኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስህተቱ ግቢውን ያውቃል።

ወይዘሮ ጥጊቱ የአቶ ሙጬን «በስመ አብ» ሰምታ ኖሮ ከቤት ወጥታ ከኋላችን ቆማለች። ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ስክሪኑን አየች፣ የይታይሽን የተዘጋ አፍ አየች፣ ገባት። ዳኛቸውን በክንዷ ገፋ አድርጋ ስክሪኑ ፊት ቆመች።

«ሞገስ!» አለች። «ልጄ፣ አለህ?»

መስመሮቹ በእሷ ድምፅ ተነሡ፣ ዜሮ ገቡ። ሁለት ትንፋሽ ያህል ቆዩ። ከዚያ ተነሡ።

እልል አለች። እልልታዋ ከንጋቱ ጩኸቷ ይልቅ አስደነገጠኝ። ገና አሁን ያረጋጓት ጎረቤቶች እንደገና መጡና በሩ ላይ ቆመው ለየትኛው እንደሚገቡ ጠፋቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ደረሱ፣ አራት ነበሩ። ከመካከላቸው በጣም የሚከበሩት መሪጌታ ፈንቴ ነበሩ፣ በልጅነታቸው ጋይንት ባለው የቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ፣ ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያች መንደር ደብር ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ነገሩ ሲነገራቸው አልሳቁም፣ አላማተቡምም፣ ዱካ አስመጥተው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡና ዝም አሉ። ሁሉም ዝም አለ። መስመሮቹ ይሄዳሉ፣ ያርፋሉ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ቀስ እያሉ ሲመቱ አየሁ፣ መስመሩ ባረፈ ቁጥር።

«የኔታ፣ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ተማሪ የት ላይ እንደሚተነፍስ ሳላይ አልዋልኩም» አሉኝ። «ይሄ ይተነፍሳል።»

«ይኸው!» አለች ወይዘሮ ጥጊቱ። «የሚተነፍስ ሰው ሞተ ይባላል? የኔታ ራሳቸው ተናገሩ! ልቅሶው ይነሣ!»

«ቆዪ ጥጊቱ። ሲጠሩት የመለሰ ሁሉ የተጠራው ነው ማለት አይደለም።»

«መተማ ያለ ሰው እዚህ ግቢ ምን ይሠራል፣ እናቴ?» አለች ይታይሽ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ሕያው ከሆነ በእግሩ ይመጣ ነበር።»

«አንቺ ዝም በይ! አንቺ ለሐሙስ ቸኩለሻል!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ አያሌው የሚባሉ ቁጡ ሰው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ እንግዳ ነህ፣ ከማናቸውም ወገን አይደለህም። ዕቃውም የእናንተ ነው። ሰውየው መለሰ ካልክ ልቅሶው ይነሣል፣ አልመለሰም ካልክ ሐሙስ ይቀመጣል። ተናገር።»

ሁሉም አየኝ። እናቲቱ ጉልበቴን ልትይዝ ጎንበስ ብላ ነበር፣ ከለከልኳት። ይታይሽ መሬቱን ታያለች። አንድ ቃል ብናገር ለአንዷ የዕድሜ ልክ ተስፋ፣ ለአንዷ የዕድሜ ልክ ግዞት ነው፣ ሌላውን ብናገርም እንዲሁ።

«መስመሩ ተንቀሳቅሷል» አልኩ። «ስንቀርፅ ድምፅ አልተገኘም። ካሜራው ትናንት ፕሮግራሙ ተለውጧል፣ ስህተት ሊኖርበት ይችላል። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።»

«ጋዜጠኛ አይደለህም?» አለችኝ ወይዘሮ ጥጊቱ። «እንዳንተ ያለው ያልሆነውን ሲያወራ ይውላል ይባላል፤ አንተ የሆነውን እንኳ አላውቅም ትላለህ?»

ጥያቄዋን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

መሪጌታ ፈንቴ ተነሡ። «እማኝ ካልሆነ አልሆነም» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት የጠበቀች እሷ ናት። እሷ ትበል።» እጃቸውን ወደ ይታይሽ ዘረጉ።

ይታይሽ ወደ ካሜራው ሄደች። «ብቻዬን ተዉኝ» አለች። ለዳኛቸውም «ይሄን መስመር ዝጋው፣ እሱን አላይም» አለችው። ዳኛቸው ገጹን ዘጋ፣ ካሜራው ላይ እጁን ትንሽ አቆይቶ መጣ። ሁላችንም ከግቢው ወጥተን ከአጥሩ ውጭ ቆምን። ከአጥሩ በላይ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ ወደ ማይኩ ጎንበስ ስትል ጀርባዋን አየሁ። ምን እንዳለች አልሰማሁም። አራት ደቂቃ አይሞላም፣ ቀና ብላ ጠራችን።

«ሐሙስ ይቀመጥ» አለች።

ወይዘሮ ጥጊቱ እየሮጠች ሄደች። «ክፈተው! መስመሩን ክፈተው!» ዳኛቸው ገጹን ከፈተ።

«ሞገስ!»

ዜሮ።

«ሞገሴ! እናትህ ነኝ!»

ዜሮ። አምስት ጊዜ ጠራችው፣ ቆጥሬያለሁ። በእሷ ድምፅ ብቻ ይነሣል፣ ስትጨርስ ዜሮ ይገባል፣ እዚያው ይቀመጣል፣ ልክ መሥራት እንዳለበት። ካሜራው ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለ እንከን ይሠራል።

እናቲቱ ዞረች። «ምን አልሽው?»

«መርዶውን ነገርኩት» አለች ይታይሽ። «እስካሁን የነገረው ሰው አልነበረም።»

«እሱስ? እሱስ ምን አለሽ?»

«ምንም።»

ጀሪካኗን አንሥታ ውኃ ልትቀዳ ወረደች።

እኛም እዚያው ሰንብተን ሥራችንን ጨረስን። ሐሙስ ልቅሶው ተቀመጠ። የሞገስ ኮትና ቁምጣ በቀርከሃ አልጋ ላይ ተዘረጋ፣ ወንዶቹ ፎከሩ፣ ሴቶቹ ሙሾ አወረዱ። ይታይሽ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣ ነበር፣ ደረቷን እንደ ወጉ መታች፣ እንባ አላየሁባትም። ወይዘሮ ጥጊቱ ከቤት አልወጣችም። ዓርብ ወገዳን ለቅቀን በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ተጓዝን፣ መኪናው አቀበቱን ጨርሶ ሜዳ ላይ ሲወጣ ዳኛቸው ተናገረ።

«ጋሼ፣ አይቆጡ። የዚያን ዕለት ገጹን ስዘጋ ቀረፃውን ከፍቼው ነበር የመጣሁት።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም። እጄ ነው።»

እንዲያጠፋው ነገርኩት። አላጠፋውም፣ ቢሮ ስንደርስ ኮምፒውተር ላይ ከፈተው፣ እኔም ተነሥቼ አልወጣሁም። ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ዘጋቢ ፊልሙ የተላለፈው ያለዚህ ቁራጭ ነው፣ ከሁለታችንና ድምፁን ከመረመረልን አንድ ባለሙያ በቀር ያየው የለም።

ፋይሉ እኛን እስከምትጠራበት ድረስ ሦስት ደቂቃ ከዐርባ ሰከንድ ነው። የዶሮዎቹ ድምፅ ይሰማል፣ የጎረቤት መጥረቢያ ይሰማል፣ ከአጥሩ ውጭ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሳስል ይሰማል። ይታይሽ ከማይኩ አንድ ስንዝር ርቃ ትናገራለች፣ ከንፈሯ በግልጽ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን የለም፤ ባለሙያው ሹክሹክታም ቢሆን መያዝ ነበረበት ብሎናል። ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ላይ መናገሯን ታቆማለች። ከዚያ እኛን እስክትጠራ ድረስ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትቆያለች፣ በመካከሉም ሁለት ጊዜ፣ በሦስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድና በሦስት ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ ላይ፣ ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች።